የክረምት ተማሪ ሆኜ ዲግሪ ስይዝ

ሰኔ መጨረሻ ላይ የተማሪዎቼን ውጤት ሮስተር ላይ ሞልቼ፣ ካርድ አድዬ፣ የክፍሌን ቁልፍ ካስረከብኩ በኋላ ያለችውን ሳምንት ድሮ በጣም ነበር የምወዳት። እናቴ ጋ ሄጄ ቡና እየጠጣሁ ዝናቡን ቁጭ ብዬ የምመለከትባት ሳምንት ነበረች። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መማር ስለጀመርኩ የሻንጣ ሳምንት ሆነች። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የላስቲክ ቦቲ፣ ጃንጥላ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። አምስት ክረምት እንደዚሁ ሄደ።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአስፋልቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ትምህርት ቤት ነበር የማስተምረው። አንደኛ ሳይክል፣ ሰልፍ ኮንቴይንድ። ከአማርኛ እስከ ሒሳብ፣ ከስፖርት እስከ ሙዚቃ አንድ ሰው ማለት ነው። የያዝኩት የ10+3 ዲፕሎማ ነበር። በ2007 ነሐሴ ላይ በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር፣ ኢዲፒኤም በምንለው፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ወይ ከርሞ ለክረምት ለሚገቡ መምህራን ነው። በመደበኛው የምትማሩም አንድ ሁለት ነገር አታጡበትም። እውነቱን ለመናገር ግን ስጽፍ ዓይኔ ላይ ያለችው ልጅ አዝላ፣ ሃንድአውቷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ላይ የምትጠብቅ መምህርት ናት።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ክፉም ደግም ስለማወራ ይቅር።

ከምርጫው ልጀምር። ለወረዳው ኮታ ይመጣል። የአገልግሎት ዘመን፣ የሥራ አፈጻጸም፣ ሴት ከሆንሽ ተጨማሪ ነጥብ፣ ሁሉም ይደመርና ስም ዝርዝር ይለጠፋል። እኔ የፈለግኩት አማርኛ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የቀረው ኢዲፒኤም ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ስታፍ ውስጥ ግማሹ «ርዕሰ መምህርት ልትሆኚ ነዋ!» አለኝ። ግማሹ ደግሞ «እሱም ዲግሪ ሆኖ? ወሬ እኮ ነው» አለኝ።

ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ዲግሪው ብቻውን ርዕሰ መምህር አያደርግም፤ ልምድ አለ፣ ውድድር አለ። ወሬም አይደለም። አስተማሪ ስትሆኑ የምታዩት ክፍላችሁን ነው። ይሄ ትምህርት ጣሪያውን ገልጦ ሙሉውን ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ሙሉውን ቀበሌ ያሳያችኋል።

እኔ ያላደረግኩትን እናንተ አድርጉ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳው የሰው ኃይል ክፍል ገብታችሁ ይሄ የትምህርት ዓይነት የትኛው የሥራ መደብ ላይ እንደሚያስመድብ ጠይቁ። ስትመለሱ ክፍል ውስጥ ያስቀጥላችኋል ወይ? ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ የትኛውን ትምህርት ያስተምራችኋል? መልሱን ከቃል ይልቅ ከመመሪያው ላይ አሳዩኝ በሉ። ውሉንም አንብቡት። ስንት ዓመት እንደምታገለግሉ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ እዚያው ላይ ነው ያለው። እኔ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው የፈረምኩት። ምን እንደፈረምኩ ያወቅኩት ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ክረምት ድንግርግር ብሎኝ አለፈ። ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ አምስት ኮርስ። ጠዋት ክላስ፣ ከሰዓት ክላስ፣ ቅዳሜም ክላስ። ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበር ዝናቡ ሲወርድ የመምህሩ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፁ አይሰማም። ዝም ብለን ተፋጠን እንቀመጣለን። አንዳንዱ ያንን ጊዜ ለእንቅልፍ ይጠቀምበታል። አልፈርድም፤ ብዙዎቹ ማታ ልጅ ሲያባብሉ ያደሩ ናቸው።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ ነው። መምህሩ ሲያስረዳ በአማርኛ ነው፤ ይገባናል፤ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ፈተናው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያኔ የተነቀነቀው ራስ ሁሉ ይደፋል። እኔን ያወጣኝ አንዲት ባለ 50 ሉክ ደብተር ናት። ከሞጁሉ ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡትን ቃላት በግራ፣ እኛ ትምህርት ቤት የምንጠራበትን ስም በቀኝ ጻፍኩ። ብዙዎቹን ለካ በሪፖርት ስንጽፋቸው የኖርን ናቸው። መጠነ ማቋረጥ፣ መጠነ መድገም፣ የተማሪ ክፍል ጥምርታ፣ ተከታታይ ምዘና። ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ የሚለውን ስታንዳርድ ሱፐርቫይዘሩ በየወሩ ሲጠይቀን የነበረ ነው። የሚያስፈራው ነገር ግማሹ የራሳችን ዕቃ ነው፤ ሌላ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው።

ስታቲስቲክስ ግን የራሴ ዕቃ አልነበረም። ሒሳብ በቅጡ የተማርኩት አስረኛ ክፍል ነው። መምህሩ የስታንዳርድ ዴቪየሽንን፣ የውጤት መራራቅ መለኪያውን፣ ምልክት ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ አጠገቤ ያለችው መምህርት «ይቺ ደግሞ ጭራ ያወጣች ዐይኑ ዐ ናት?» ብላ ሳቅ አፈነችኝ። ሳቁ ውጤት ሲለጠፍ ቆመ። ዲ። ምሳሌዎቹን ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ መልሱን አይቼ «ገባኝ» ብዬ ነበር እንጂ አንዱንም በራሴ እጅ ሠርቼ አላውቅም ነበር። ተማሪዎቼን በየቀኑ የምቆጣበት ነገር ነው።

መስከረም ላይ ተመልሼ ክፍሌ ስገባ ያቺን ዲ ይዤ ነው። አንድ ቀን የሒሳብ ፈተና አርሜ ስጨርስ የክፍሌን አማካይ አወጣሁ። የሌላኛዋን ሴክሽን አስተማሪ ውጤቷን ለምኜ የእሷንም አወጣሁ። እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ግን የኔዎቹ ልጆች ሁሉም መሀል ላይ ተኮልኩለዋል። የእሷዎቹ ግማሹ ዘጠና አካባቢ፣ ግማሹ ሠላሳ አካባቢ። በሪፖርት ስንልክ ሁለታችንም አንድ ነን፤ ወረዳው ሁለታችንንም አንድ ብሎ ይመዘግበናል። ጭራ ያወጣችው ዐይኑ ዐ የምትናገረው ይሄንን ልዩነት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተጠልፌባት አላውቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይኸው ነው። የክረምት ተማሪ ከመደበኛው የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ትምህርት ቤት ያለው መሆኑ ነው። መደበኛዋ ልጅ ስለ ማቋረጥ ስታነብ ወረቀት ላይ ነው የምታየው። እኛ ያቋረጠችውን ልጅ ቤት እናውቀዋለን። አብዛኞቻችን ግን ትምህርት ቤታችንን ሰኔ ላይ ቆልፈን ነው የምንመጣው፤ ሞጁላችንን ደግሞ ጳጉሜን ላይ ሻንጣ ውስጥ ቆልፈን ነው የምንመለሰው። በመሀል ያለው አስር ወር ይባክናል።

አባከንኩት ስል እኔም አለሁበት። የመጀመሪያውን ዓመት የቤት ሥራ የጻፍኩት ልናስረክብ የመጨረሻዋ ሌሊት ላይ ነው፤ በኩራዝ። ሁለት ገጹ ከጓደኛዬ የተገለበጠ ነበር። የእሷም ከሌላ ሰው የተገለበጠ መሆኑን መምህሩ ሦስታችንን አንድ ላይ ሲጠራን ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ ቀላል ሥርዓት አወጣሁ። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ እንጀራ ከመጋገሬ በፊት፣ አስር ገጽ። አስር ብቻ። በጉጉት የተጀመረ «በቀን ሃምሳ ገጽ» ሳምንት አይሞላውም፤ አይቼዋለሁ።

ስለ ትምህርቱ ይዘት ትንሽ ላውራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚማር አያውቅም። ሳይኮሎጂ አለ። ካሪኩለም አለ። የትምህርት ታሪክ፣ የትምህርት ኢኮኖሚክስ፣ ፋይናንስ፣ ሱፐርቪዥን፣ አመራር፣ ዕቅድ፣ ጥናትና ምርምር። አንዳንዱ እውነትም ደረቅ ነው። አመራር ላይ የአንዱን ሊቅ ሰባት ነጥብ፣ የሌላውን ዘጠኝ ነጥብ መሸምደድ እስካሁን ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ሳይኮሎጂ ላይ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን ፒያዤን ተማርን። ልጅ እስከ ሰባት ዓመት አካባቢ ድረስ ውኃ ከአጭር ዕቃ ወደ ረጅም ሲገለበጥ የበዛ ይመስለዋል ይላል። ጥቅምት ላይ አንደኛ ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ሰፊ ጣሳና ረጅም ብርጭቆ ይዤ ገባሁ። እውነትም ልጆቹ «ብርጭቆው! ብርጭቆው!» ብለው ጮኹ። ከኋላ አንድ ትንሽዬ ልጅ ብድግ ብሎ «እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ የገለበጡት? ከየት ይበዛል?» አለኝ። እናቱ ጠላ ሻጭ ናት። ከገንቦ ወደ ጣሳ፣ ከጣሳ ወደ ብርጭቆ ሲለካ ሲያይ ነው ያደገው። ይህንን በቀጣዩ ክረምት ክላስ ላይ ተናገርኩ። መምህሩ በጣም ወደደው፤ ቀሪዋን ሰዓት ልጆች ከኑሯቸው ምን ተምረው እንደሚመጡ ስናወራ ነው ያለቀችው። ከአምስቱ ክረምት አንድ ክላስ ምረጪ ብትሉኝ ያቺን ነው።

የትምህርት ታሪክ ደግሞ መምህሩ አፉን ይዞ የተቀመጠበት ኮርስ ነው። እሱ ገና ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ሃምሳ ሁለት። የ1971ዱን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲያስተምር፣ በ15 ቋንቋ እንደተሰጠ፣ በእ.ኤ.አ. 1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘ ሲናገር ጋሼ እጃቸውን አወጡ። «እኔ ዘማች ነበርኩ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀን ቀን አዝመራ፣ ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል እንዳስቆጠሩ፣ ሽማግሌ ተማሪዎቻቸው እርሳስ እንደ ማረሻ ጨብጠው ወረቀት እንደሚቀድዱ ነገሩን። መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በንጉሡ ዘመን ስለተዘጋጀው የትምህርት ጥናት፣ ስለ ሴክተር ሪቪውም እንደዚያው ሆነ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት በዚያ ጥናት ምክንያት መሆኑን ከሃንድአውቱ ላይ አንብበን ነበር። ጋሼ ያኔ ተማሪ ነበሩ። «ለኛ ልጆች ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል ተብሎ ነው የተወራው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ እሱ እንኳ ሰምቶ ተቆጣ» አሉ።

ከጎናችሁ እንደዚህ ዓይነት ሰው ካለ የፈተና ኖት ብቻ አትለዋወጡ። ምሳ ጋብዙት።

የ2004ቱን ክረምት መቼም አልረሳውም። ረመዳንና ፍልሰታ ተደራርበው ገቡ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነበርን፤ ሁለቱ ሙስሊም። ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ጭር ይላል። ማታ እነሱ ሲያፈጥሩ እኛም የጾም ሾርባችንን ይዘን እንቀርባለን፤ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ጥናት። ምርጥ ውጤት ያመጣሁት በዚያ ክረምት ነው። ነሐሴ 15 ጠዋት የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ሲነገር ክላስ ውስጥ ነበርን። አንዱ በስልኩ ሬድዮ ሰማና ለመምህሩ በጆሮው ነገረው። የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው ላይ ቆመ።

ሦስተኛውና አራተኛው ክረምት መሀል ወለድኩ። የአምስት ወር ልጅና የአስራ አራት ዓመት እህቴን ይዤ ሄድኩ። ዶርም ልጅ አያስገባም። ግቢው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቤት አከራዮች ክረምት ሲመጣ ዋጋ እንደሚሰቅሉ ልንገራችሁና፣ የምትችሉ በግንቦት ሰው ልካችሁ አስይዙ። ከሁሉም የከበደኝ ጥናቱ አይደለም። የሽንት ጨርቅ ነው። በሐምሌ ምን ይደርቃል? ከሰል አቀጣጥዬ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ጨርቁን በእጄ ዘርግቼ እያሞቅኩ ነው የትምህርት ፋይናንስን ያጠናሁት። አሁንም የበጀት ነገር ሲነሳ የከሰል ሽታ ይመጣብኛል። በሩን የምከፍተው ለጭሱ ብቻ አይደለም፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ሰው ይገድላል። ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ እንዳትዘጉ።

እህቴን ይዤ መሄዴ ትክክል ነበር። እረፍት ሰዓት ላይ ልጁን አቅፋ በር ላይ ትመጣለች፤ አጠባዋለሁ፤ ትመለሳለች። ነገር ግን ለእሷም አስቡላት። እህቴ ክረምቷን ሙሉ ሞግዚት ሆና ነው ያሳለፈችው። ለመስከረም ደብተርና ጫማ ገዝቼላታለሁ፤ ዕዳው ግን አሁንም ይሰማኛል።

አሁን ወደ አንድ አሮጌ ሮስተር ታሪክ ልግባ። ሁለተኛው ክረምት ሲያልቅ የዕቅድ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጠን። «ትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ በአንድ ዓመት አንደኛ ክፍል የገቡትን ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትላችሁ ኑ» አለ። ብዙው ሰው ቁጥር ፈጥሮ መጣ። አውቃለሁ፤ አንዱ መኪና ውስጥ ሲፈጥር አጠገቡ ነበርኩ።

እኔ የትምህርት ቤቱን ስቶር አስከፈትኩ። አቧራ፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የአይጥ ጎጆ። የ1995 ሮስተር ጠርዙ ተበልቷል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። 81 ልጆች። ያኔ የኛ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ብቻ ነበር። አምስተኛ ለመግባት ወንዙን ተሻግሮ ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ነው። እዚያም ሄጄ ሮስተራቸውን ለመንኩ። አንድ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ስም ከስም ሳጋጥም ዋልኩ። የአባት ስም አንዱ ጋ በ«ኃ» ሌላው ጋ በ«ሀ» ይጻፋል። የደገመ አለ። የተዛወረ አለ። ሁለቱን ካልለያችሁ ሒሳቡ ይበላሻል፤ የደገመ ልጅ አልጠፋም፣ በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ላይ ቆይቶ ይመጣል። ስምንተኛ ክፍል የደረሱትን ስቆጥር 19 ሆኑ። ደግመሽ ቁጠሪ አልኩ ለራሴ። 19።

ከሁሉ ከልቤ ያልወጣችልኝ ተራ ቁጥር 37 ናት። ስሟን አልጽፍም። አንደኛ ክፍል ከ81 ልጆች አራተኛ። ሁለተኛ ክፍል ሦስተኛ። አራተኛ ክፍል ሁለተኛ ወጥታለች፤ በሒሳብ 94 አላት። አምስተኛ ክፍል ዝርዝር ውስጥ የለችም። የተዛወሩት ውስጥም የለችም። እናቷን ገበያ ላይ አገኘኋትና ጠየቅኳት። «ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለችኝ። ያ ብቻ። ምዝገባው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ወንዙ ሙሉ ነው። ወንዶቹን ታላላቆቻቸው አሻገሯቸው። እሷን የሚያሻግራት አልነበረም። ወንዙ ሲጎድል ምዝገባው አልቋል። በዓመቱ ደግሞ እቤት ውስጥ ሥራ ለምዳለች።

እኔ በዲፕሎማ አምስት ዓመት እዚያው ሳስተምር «የቀበሌያችን ሕዝብ ለሴት ልጅ ትምህርት ግንዛቤ ይጎድለዋል» እያልኩ ሪፖርት ስጽፍ ነበር። ግንዛቤ!

የቀበሌው ሊቀመንበርም በስብሰባ ላይ የትምህርት ተሳትፎ ከመቶ በላይ ደረሰ እያለ ይፎክር ነበር። ያኔ አጨብጭበናል። ጥቅል ተሳትፎና ንጥር ተሳትፎ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስማር ነው የነቃሁት። ንጥሩ በትምህርት ዕድሜ ላይ ያሉትን ልጆች ብቻ ይቆጥራል። ጥቅሉ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን የተመዘገበውን ሁሉ ይቆጥርና ያኔ ከ7 እስከ 14 ዓመት በነበረው የትምህርት ዕድሜ ላይ ላሉት ልጆች ቁጥር ያካፍላል። አስራ ስድስት ዓመቱ ላይ ሦስተኛ ክፍል የገባ ጎረምሳም ይደመራል። ስለዚህ ከመቶ ማለፉ ሁሉም ልጅ ገባ ማለት አይደለም። ተራ ቁጥር 37 እቤቷ ተቀምጣ ተሳትፏችን ከመቶ በላይ ሊሆን ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፌ ይሄው ሆነ። ርዕስ ፍለጋ አልተንከራተትኩም። አማካሪዬ መጀመሪያ «ጠባብ ነው፣ ወረዳውን ሙሉ ውሰጂ» አለኝ። ተከራከርኩ። ወረዳውን ሙሉ ብወስድ መጠይቅ በትኜ፣ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ» የሚል ሰንጠረዥ ሠርቼ ነበር የምመጣው። በመጨረሻ አራት ትምህርት ቤት ላይ ተስማማን። ወላጆችን ሳናግር አንድ አባት «የእረኛ ቅጥር በዓመት ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ። በትምህርት ኢኮኖሚክስ ኦፖርቹኒቲ ኮስት፣ አንዱን ስትመርጡ የሚቀርባችሁ ጥቅም፣ ብለን ግማሽ ክረምት የተማርነውን በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። ጽሑፌ ላይ እንዳለ አስገባሁት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ፍላሽ። ምዕራፍ ሦስትና አራትን አንድ ኮምፒውተር ቤት አስጽፌ በፍላሽ ይዤ ስሄድ ቫይረስ በላው። ልጅቷም ኮምፒውተሯ ላይ አላስቀመጠችውም። አንጀቴ ቅጥል አለ። የእጅ ጽሑፌን ስላልጣልኩ ብቻ ዳንኩ። በየቀኑ የጻፋችሁትን ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፤ ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም አለ፣ ምን ችግር አለው።

ሁለተኛ፣ የተዘጋጀ ጽሑፍ ግዢ። ግቢው ዙሪያ ካሉት ኮፒ ቤቶች አንዳንዱ ጋ «ርዕስ ንገሪን እንጂ» ይሏችኋል። ከኛ ባች አንዱ ገዛ። ቀድሞ የነበረውን የቦታ ስም በሱ ወረዳ ስም አስቀየረ። ገጽ 34 ላይ ያለው ሰንጠረዥ ግን አልተቀየረም። ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ሲያቀርብ፣ ፈታኙ ቀና ብሎ «እርስዎ ያሉት ደጋ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ያቋረጡት ግመል ለማገድ ነው ይላል» አለው። ሳቅ የለም፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። ሰውዬው አንድ ክረምት ተጨማሪ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። አራት ልጅ ያለው፣ ጊዜ ያጠረው አስተማሪ ነው።

የኔ ዲፌንስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የጠየቁኝ ቲዎሪ አይደለም። «ለምን 1995ን መረጥሽ? ከነዚህ 81 ውስጥ የሞተ ካለ እንዴት ለየሽው?» ብለው ነው። የሠራችሁት ነገር ከሆነ መልሱ አፋችሁ ላይ ነው።

ስለ ግሩፕ አሳይመንት ብዙ አልልም። ከአምስት ሰው ሁለቱ ይሠራሉ፤ ሦስቱ «ስሜን እንዳትረሱ» ይላሉ። ሁሌም እንደዚያ ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ሥራውን ገጽ በገጽ ማካፈል ትቼ ሰው በሚችለው ማካፈል ጀመርኩ። ጋሼ ኮምፒውተር አይነኩም፤ ግን ፊት ወጥተው ሲያቀርቡ የሚያክላቸው የለም።

መውጫ ፈተና በኔ ጊዜ አልነበረም። ከ2015 ወዲህ ነው የመጣው፤ ለማለፍ ከመቶ 50 ማምጣት ያስፈልጋል። ባለፈው ካዘጋጀኋቸው ባልደረቦቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የወደቁት ሰነፎቹ አይደሉም። የመጀመሪያውን ክረምት ሃንድአውት የጣሉት ናቸው። ፈተናው ከአንደኛ ዓመት ኮርስም ይጠይቃል፤ ለእኛ ደግሞ አንደኛ ዓመት ማለት ከአራት አምስት ዓመት በፊት ማለት ነው። በየኮርሱ ሁለት ገጽ ሾርት ኖት፣ በእጃችሁ፣ ኮርሱ ባለቀ በሳምንቱ። ከዚያ አንድ ፋይል ውስጥ።

ወንዙ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ድልድዩ ያኔም አልተሠራም። ጽሑፌን አንድ ኮፒ ለወረዳው ሰጠሁ፤ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ነገር ግን የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን አስማምተን የአምስተኛ ክፍል ምዝገባን ሰኔ ላይ፣ ካርድ በሚሰጥበት ቀን፣ እዚሁ እኛ ግቢ ውስጥ ማድረግ ጀመርን። ወንዙ ሲጎድል የደረሰ ልጅ ስሙ ቀድሞ አለ። ገንዘብ አልጠየቀም። አንድ ጠረጴዛና አንድ መዝገብ ነው። ሁሉም ገቡ አልልም። አሁን ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ በክላስተሬ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ መጀመሪያ የማየው ያንን መዝገብ ነው።

የወረቀት ጉዳይ ልጨምርና ልጨርስ። ዲግሪ ይዛችሁ ስትመለሱ ደመወዙ በማግስቱ የሚስተካከል እንዳይመስላችሁ። ቴምፖራሪውን (ጊዜያዊውን ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒውን (የውጤት ዝርዝሩን)፣ የውሉን ቅጂ አስገብታችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ወራት ጠብቄያለሁ። ያስገባችሁበትን ቀን በደብዳቤ አስመዝግቡ፤ ቁጥሩን ያዙ። ኦሪጅናሉ ሲወጣ ደግሞ ላሚኔት እንዳታደርጉት። እኔ በደስታ ሰክሬ ከሬጅስትራር በወጣሁ በአስር ደቂቃ ውስጥ ኮፒ ቤት ገብቼ አስለጠፍኩት፤ እንደ መታወቂያ አብለጨለጭኩት። በኋላ ማረጋገጫ ማኅተም ሲያስፈልገኝ ላስቲኩ ላይ ማኅተም አልያዝ አለ። እስካሁን ሳሎን ግድግዳዬ ላይ ያለው እሱ ነው። ለመሥሪያ ቤት የምይዘው ሌላ ነው፤ እሱን ለማውጣት የሄድኩበትን መንገድ ግን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።